የፓይለት ጃኬት በወባ አገር

መተማ ላይ በቀን ብርሃን ጠጉራም ካፖርት ለብሶ የሚታይ ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ነጋዴ ነው። እኔ አምና በኅዳር መጨረሻ ነጋዴ ነኝ ብዬ ተነሣሁ፤ ሸሕዲ ስደርስ ሌላውም ሆኜ ተገኘሁ። ነገሩን ልንገራችሁና ፍረዱ። ስትፈርዱ ግን ሙቀቱን አስቡልኝ።

የዳባት ልጅ ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ያለፍኩት አስተማሪዬ ጥያቄ በጠየቀኝ ቁጥር ስለማለቅስና እሱም ማባበል ስለሰለቸው ይመስለኛል። ዓይነ አፋር ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ ጓዳ እንደምትገባው ልጅ ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ እሷማ ደፋር ናት፣ ሰው እያያት ተነሥታ ትሄዳለች። እኔን መነሣቱም ያሳፍረኛል። ገበያ ወጥቼ ዋጋ ጠይቄ ሻጩ ካልሰማኝ ሁለተኛ አልጠይቅም፤ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜማ አውቶቡስ ላይ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶኝ፣ ሌላ ሰው ወራጅ እስኪሆን ሁለት መንደር አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚሉ ሰዎች መተማን አያውቁም። የመተማ ዝንብ አፍ ሲዘጋበት በአፍንጫ ይገባል።

መተማ የመጣሁት አክስቴ እትዬ ትርንጎ ዘንድ ነው። እትዬ ትርንጎ የአባቴ ታናሽ እኅት ስትሆን ሻይ ቤት አላት። ሻይ ቤቱ ከፊት ያለው ክፍል ነው። ከኋላ ስላለው ክፍል ደግሞ፣ ይህን ጽሑፍ ኮንትሮባንድ የሚይዙት የፊናንስ ሰዎችም ሊያነቡት ስለሚችሉ፣ ሰሊጥ ነው ያለበት እላለሁ። መተማን ወደድኩት። ሰው ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ስለሆነ "የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ የሚያስጨንቀኝ የለም። ደግሞም ሻይ እየቀዳሁ፣ ጨርቅ እያጣጠፍኩ፣ ቀስ በቀስ የንግዱ ነገር ይገባኝ ጀምሮ ነበር። መሸጥ እንኳ ባልችል መግዛት እየለመድኩ ነበር፤ መግዛት ብዙ አፍ አይፈልግም፣ ጣት ይበቃል።

በዚህ መሐል የአባቴ ደብዳቤ መጣ። እትዬ ትርንጎ ማንበብ ስለማትችል ያነበብኩላት እኔው ነኝ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ "አቶ ታከለ ለልጃቸው ልጄን ጠይቀውኛል። ልጁ ወፍጮ ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ የሞተር ጩኸት ስለሚሰማ የሚፈልገው ዝምተኛ ሚስት ነው። ካንቺ ዘንድ ያለችውን የምታህል ዝምተኛ በዚህ አገር የለችም ብያቸዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ስደጃት።" የራሴን መሰጠት በራሴ አፍ አንብቤ ስጨርስ ድምፄ ጠፋ። እትዬ ትርንጎ ግን የጠፋው ድምፄ አዲስ ነገር ስላልሆነባት ልብ አላለችም።

"ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ይሄ እሺ ነው እምቢ?"

እንደገና ነቀነቅሁ።

"አየሽ፣ ይሄ ነው ያንቺ ነገር! ዲዳ መቀለብ እኔም አልችልም። እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። ለጭነት መኪና ሾፌሮች የታዘዘ አምስት ጃኬት አለ። ከወሰኑ ማዶ ከገላባት ገዝተሽ፣ ጎንደር አድርሰሽ፣ ላዘዘው ሰው ታስረክቢያለሽ። አምስቱም ከደረሱ ነጋዴ ነሽ፣ ከኔ ጋር ትቀሪያለሽ። አንድ ቢጎድል አባትሽ መናኸሪያ ይጠብቅሻል፣ በዚያው ወደ ዳባት።" ይህንኑ ለአባቴ እንድጽፍላት አዘዘችኝና ጻፍኩ። የራሴን ፍርድ አንብቤ፣ የራሴን ፍርድ ጽፌ፣ ፖስታውንም በራሴ ምራቅ አሸግሁት።

አሁን ስለ ጃኬቱ ልንገራችሁ። በሊማሊሞ ብርድ የሚመላለሱ ሾፌሮች የሚመኙት አንድ ልብስ አለ፤ የፓይለት ጃኬት ይባላል። ከውጭ ቆዳ፣ ከውስጥ የበግ ጠጉር ነው፤ ክሳዱ ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው። በድሮው ጦርነት እንግሊዞች ጣሊያንን በገላባት በኩል ሲወጉ አውሮፕላን ነጂዎቻቸው ይለብሱት ነበር ይባላል። ታዲያ ሾፌሮቹ አዲስ አይፈልጉም። አሮጌውን፣ ጦርነት ያየውን ነው የሚሹት። እውነተኛው ግን በዚህ ወሰን ላይ የቀረው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ገላባት ውስጥ በዓም ኢድሪስ ሱቅ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዓም ማለት በነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ዓም ኢድሪስ ቆዳ ሰፊ ናቸው፤ የተሰቀለውን እያዩ አዲስ ይሰፉና ያስረጁታል።

የማስረጀቱ ሥራ ከስፌቱ ይረዝማል። በወፍራም ሻይ ይነክሩታል፣ አሸዋ ላይ ያንከባልሉታል፣ ክርኑን በድንጋይ ይፈቀፍቁታል፣ በመጨረሻም አህያቸው ጀርባ ላይ ከኮርቻው ሥር አድርገው ሳምንት ውኃ ያስጭኑበታል። በዚህ ጃኬት ከእንግሊዞቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ የበረረው አህያው ነው። በጉም ቢሆን ከኛው ደጋ የመጣ ነው። ቆዳው ተደብቆ ይወርድና ገላባት ላይ እንግሊዛዊ ሆኖ ተደብቆ ይመለሳል። በሕይወቱ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ በግ ከሞተ በኋላ እንዲህ አገር ያያል።

እኔ ይህን ሁሉ መቼ አውቄ? ወሰኑን ተሻግሬ ሱቁ ገብቼ ጥግ ላይ የሚያብረቀርቀውን አዲሱን በጣቴ አሳየሁ።

"ያ ቢንት፣" አሉ ዓም ኢድሪስ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ "እሱ ገና ጥሬ ነው። ወላሂ ለጠላቴም አልሸጠው! አህያው ይልበሰውና ከሳምንት በኋላ ነይ። አሁን እነዚህን የበሰሉትን ውሰጂ።"

አምስት የበሰሉ አንሥተው አስታቀፉኝ። አንዱ ኪሱ ተቀዷል፣ ሌላው ክርኑ ተላልጧል፣ ሦስተኛው ጠጉሩ ተንጨባሯል። ሽማግሌው እንዳታለሉኝ ገባኝ፤ ተመልሼ ለመጨቃጨቅ ግን አፉ የት አለና? ቤት እንደገባሁ መርፌና ክር አወጣሁ። የተቀደደውን ጠቀምኩ፣ የተላላጠውን እናቴ ቆዳ እንደምታለፋው በቅቤ አሸሁ፣ ጠጉሩን በማበጠሪያ አበጠርኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠርቼ ሰቅዬ ሳያቸው የሠርግ ልብስ መሰሉ። ኮራሁ።

እትዬ ትርንጎ ገብታ አየችና ራሷን ያዘች። "ኧረ የሰው ያለህ! አርባ ዓመት ያረጀውን ባንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አደረገችው!"

ስለዚህ ዕድሜያቸውን መመለስ ነበረብን። የሰፋሁትን ፈታሁ፣ ያበጠርኩትን አጎፈርኩ። እትዬ ትርንጎም ጃኬቶቹን የሻይ ቤቱ አግዳሚዎች ላይ አነጠፈቻቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰሊጥ አጨዳ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ ከነአቧራው ተቀመጠባቸው። በሦስተኛው ቀን አርባው ዓመት ተመለሰ። እንዲያውም ትርፍ ሳይኖረው አልቀረም።

ቀጥሎ የማድረሱ ነገር መጣ። ሸሕዲ ላይ የፊናንስ ኬላ አለ። የኬላውን ደንብ ማንም ባይጽፈውም ሁሉም ያውቀዋል፤ የታሰረ ዕቃ የነጋዴ ነው፣ የተለበሰ ዕቃ የለባሹ ነው። በዚህ ደንብ ስንቱ አልፏል! አንዲት ጎረቤታችን ሰባት ቀሚስ ደርባ ስታልፍ ፊናንሱ "ነፍሰ ጡር ናት፣ ቦታ ልቀቁላት" ብሎ አስነሥቶላታል። ስለዚህ ለአምስት ጃኬት አምስት ለባሽ ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ነኝ። አራቱን እትዬ ትርንጎ አጨዳ ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱት ሠራተኞች መረጠች። ውሉ እንዲህ ነው፤ የመኪናውን እሷ ትችላለች፣ እነሱ ጃኬቱን እስከ ጎንደር ይለብሳሉ። አንዱ የጎጃሙ አድማስ ነው። አንዱ የወሎው ይመር። የቀሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ እንደኔ ዝምተኞች ስለነበሩ እኔ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም፣ እነሱም የኔን አልጠየቁኝም። በጣም ተግባባን።

"ኧረ ይሄማ ደበሎ ነው!" አለ አድማስ አንዱን ሲለብስ። "እጅጌ ቀጥለውለት ነው እንጂ። እኔ ደበሎዬን አገሬ ጥዬ የመጣሁት ሙቀት አንሶኝ ነው እንዴ?"

"ዝም ብለህ ልበስ፣ ወንድሜ" አለው ይመር። "በእግርህ ከመሄድ በላብህ መሄድ አይሻልህም?"

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን በጠዋት ሰሊጥ የጫነ መኪና አናት ላይ ወጣን። ፀሐዩ ከፍ ሲል መናገር አቆምን። ቀጥሎ ማሰብ አቆምን። ዚፑን እስከ አገጫችን ዘግተን፣ እግራችንን ዘርግተን፣ እንደ አምስት የታረደ በግ ተዘረርን። ከሥራችን ያለው ሰሊጥ ሳይጨመቅ ዘይት ሊወጣው ምንም አልቀረው። አድማስ በየኪሎሜትሩ እትዬ ትርንጎን ይረግማል፤ ይመር "አሜን" ይላል፤ ወንድማማቾቹ በራሳቸው ይስማማሉ።

ሸሕዲ ኬላ ላይ "ውረዱ!" ተባልን። ወረድን። ፊናንሱ ወጣት ነው፤ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ በጋዜጣ ያናፍሳል። አምስታችንን ከላይ እስከ ታች አየን።

"ምንድን ነው ይሄ?"

እትዬ ትርንጎ ያስጠናችኝ አራት ቃል ነው፦ "የራሳችን ልብስ ነው ጓድ።" ከመተማ ጀምሮ በሆዴ ስለው መጥቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ አየኝ። ከአራቱ ቃል አንዱም አልወጣ አለ፤ በምትኩ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ።

"ምን ትላለች?" አለ ፊናንሱ።

"ወባ ናት፣ ጌታዬ!" አለ አድማስ ከኋላዬ። "ወባ ይዟታል። እኔንም ይዞኛል። ይሄንንም ይዞታል። እነዚህ ወንድማማቾችማ አልቆላቸዋል።"

ወንድማማቾቹ ተያዩና እኩል መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ኬላው አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከአላፊው ሁሉ ደም የሚወስድ የወባ ሠራተኛ ነበር። ደግ ሰው ነው። ሙቀት መለኪያውን በአድማስ ብብት ሊያደርግ እጁን በጠጉሩ መሐል ሰደደና ፍም እንደነካ ሰው ወዲያው መለሰው። "እንዲህ እያተኮሳችሁ ደግሞ ካፖርት! በሉ አውልቁት፣ ነፋስ ይንካችሁ!"

"ብርድ!" አለ ይመር፣ ላቡ ካፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ። "ብርዱ ነው የገደለን፣ ወንድምዬ!"

ሙቀት መለኪያውም ለኛ መሰከረ። ጣታችን ተወጋ፣ ደማችን በመስታወት ተወሰደ፣ ክኒናችንንም እፊቱ ዋጥን። የወባ ክኒን ምሬት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው አልነግረውም፤ ለሚያውቅ ደግሞ መንገር አያስፈልግም። ከሁላችንም አብልጦ የተንቀጠቀጠው አድማስ ስለነበር የወባ መርፌም ለሱ ተጨመረ። ተዋናይ ሲጎብዝ ሽልማቱ ይኸው ነው።

ፊናንሱም አዘነልን። "በሽተኞች ናቸው፣ ጓድ። እንዳታንገላታቸው፣ ቀስ ብለህ ንዳ" ብሎ ሾፌሩን አዘዘው። ሾፌሩም ትእዛዝ አክባሪ ሆነና ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ እንደ ሬሳ ተሸካሚ ነዳን። ያ ርኅራኄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨማሪ ቀቀለን።

ነጋዴ ባሕር የምትባለውን መንደር አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ነፋሱ ተለወጠ። አይከል ስንደርስ ቀዘቀዘ። የአድማስ እርግማን መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ተቋረጠ። ክሳዱን ወደ ላይ አነሣና ጆሮውን ሸፈነ። ይመር እጁን ከጠጉሩ ውስጥ አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። "ይሄ ልብስ ያውቀኛል" አለ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን እግዚአብሔር ብርዱን ስላመጣልን አመሰገንኩ። ሞኝ ሰው የሚመጣበትን እያየ ያመሰግናል።

ጎንደር ስንገባ ቀኑ ወደ ማምሻው ነው። መኪናው መናኸሪያው በር ላይ አወረደን። ሁሉም እንደ ይመር "ይሄ ልብስ ያውቀኛል" የሚል ፊት ይዘው ቆሙ። እትዬ ትርንጎ "ጎንደር ስትደርሱ ተቀበያቸው" ብላኝ ነበር እንጂ እንዴት እንደሚቀበሉ አልነገረችኝም።

"ጃኬቱን..." አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ አድማስ።

"ጃኬቱን።"

"እሱማ እንዴት ይወልቃል፣ እቴ? መርፌ ተወግቼበታለሁ! በመርፌ የገዛሁት ልብስ ነው።"

"እኛም ክኒን ውጠንበታል" አለ ከወንድማማቾቹ አንዱ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ከዳኝ።

ቀና ስል ከመናኸሪያው ማዶ ጥቁር ከዘራ አየሁ። የአባቴ ከዘራ ነው። ፊታቸው ባይታየኝም ከዘራውን አውቀዋለሁ። ዝም ካልኩ ነገ ዳባት ነኝ፤ ከነገ ወዲያ ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ነው።

"አውልቅ!!"

ከኋላዬ ሌላ ሰው የጮኸ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። የወጣው ከኔ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የጠፋው ይመስል ጎረፈ። "አውልቁ እላችኋለሁ! ውል አልገባችሁም? የመኪናውን ማን ቻለላችሁ? የሰው ልብስ ለብሳችሁ አገራችሁ ልትገቡ? እናቶቻችሁ ምን ይሏችኋል?"

ወንድማማቾቹ እናት የሚለውን ሲሰሙ እኩል አወለቁ። ሰው ተሰበሰበ። አድማስ ዚፑን እየፈታ አፉን ከፍቶ ያየኛል። "ይሄ ሁሉ አፍ ነበረሽ እንዴ? ታዲያ ኬላው ላይ የት ደብቀሽው ነው እኔን መርፌ ያስወጋሽኝ?"

ሦስት ጃኬት በክንዴ፣ አንድ በጀርባዬ። ይመር የለም።

ሮጥኩ። አምስት ካልሆነ አራት ምንም ማለት አይደለም። በመደዳ ከቆሙት አውቶቡሶች መሐል ስገባ ያንን ክርኑ የተላላጠ ጃኬት ከጀርባው አየሁት፤ በቅቤ ያሸሁትን መቼም አላጣውም። ክሳዱን ጨምድጄ ያዝኩ።

"አንተ ሌባ! አውልቅ!"

ሰውየው ዞረ። ይመር አይደለም። ጺማቸው ነጭ የሆነ ትልቅ ሰው ናቸው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አንቱ ማለትም ነበረብኝ። ግን አፌ ዛሬ ገና መሥራቱ ነው፤ ፍሬን የት እንዳለው አላወቅሁም።

"ሽበትህን እንኳ አታፍርም? የድኻ ልጅ ንብረት ለብሰህ ትቆማለህ?"

"ልጄ፣ ኧረ በጋቢዬ ለውጬው ነው! አንድ ወሎዬ 'በጋቢ ልለውጥዎ' ቢለኝ..."

"ጋቢህን ከሌባው ፈልገው! አውልቅ!"

ሽማግሌው አወለቁና ሰጡኝ። በሸሚዝ ቀሩ። ያን ጊዜ ከአጠገባቸው የቆመውን ከዘራ አየሁ። ከከዘራው ሽቅብ ሳይ አባቴ ናቸው።

አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ።

"ጋሼ ታከለ፣" አሉ አባቴ በመጨረሻ፣ "ልጄ ናት።"

ጋሼ ታከለ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። "የትኛዋ? ዝምተኛዋ?"

"ያለችኝ አንድ ናት" አሉ አባቴ።

ለካ አቶ ታከለ ዕቃውን ካጎደልኩ እዚያው ተረክበውኝ ሊሄዱ ከአባቴ ጋር መጥተው ኖሯል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ! የጎንደር መናኸሪያ መሬት ግን ጠንካራ ነው።

"ስሙኝ፣ ወንድሜ" አሉ አቶ ታከለ እየተንዘፈዘፉ። "ልጄ ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ሲሰማ ይውላል። ማታ ደግሞ ሌላ ወፍጮ አላስገባበትም።"

አባቴ አልተከራከሩም። የገዛ ጋቢያቸውን አውልቀው ለአቶ ታከለ ደረቡላቸውና በዳባቱ አውቶቡስ አሳፈሯቸው። ተመልሰው ሲመጡ እሳቸውም በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን ጃኬት ዘረጋሁላቸው።

"እንዲያው ሸክም እንዲቀልልሽ ብዬ ነው" አሉና ለበሱት። ትንሽ ሄደን ደግሞ ሌላውን ጠየቁኝና በላዩ ደረቡት።

ሾፌሮቹ ወደሚያርፉበት ግቢ በእግር ሄድን። ጃኬቶቹን ያዘዘው ሾፌር አንዱን አንሥቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የአህያው፣ የቅቤው፣ የአጫጆቹ፣ የኬላው ላብ ሁሉ እዚያው ነው። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። "ይሄ እውነተኛው ነው፣" አለ በአክብሮት፣ "ጦርነት ይሸታል።" አባቴ የለበሱትን ሁለቱን ለማስወለቅ ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። አምስቱም ተቆጥረው ገቡ።

ስንወጣ አባቴ ከዘራቸውን እያቆሙ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ቁጣቸውን እጠብቃለሁ። ሰው ፊት አዋርጄአቸዋለሁ፣ የሰጡትን ቃል አፍርሻለሁ፣ ታላቅ ሰው አንተ ብዬአለሁ። ድምፄም ተመልሶ ወደ ነበረበት ገብቶ ስለነበር ይቅርታ ለማለት እንኳ አልቻልኩም።

"በጠዋት ወደ መተማ የሚወርድ መኪና አለ" አሉ ሳያዩኝ። "በሱ አሳፍርሻለሁ።"

ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥቂት ሄድን። ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ "እናትሽንም 'ዝምተኛ ናት' ብለው ነበር የሰጡኝ" አሉ።